የዲኤንኤ ሜቲሌሽንን ለማገድ የትኛው ይሻላል፦ ዴሲታቢን ወይስ አርጂ108?

ባለ ፍላስኳ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴን በጡት ካንሰር ህዋሳት ላይ እየሠራሁ ስሆን፣ የምጠቀመው ኤምዲኤ-ኤምቢ-231 የተባለውን የህዋስ ዝርያ ነው። ጥናቴ የሚያተኩርበት ጂን በጤናማ የጡት ህዋስ ውስጥ በሚገባ የሚሠራ ሲሆን፣ በእነዚህ ህዋሳት ውስጥ ግን ጨርሶ አይታይም። የጂኑ ፕሮሞተር (ጂኑን የሚያስነሳው መነሻ ክፍል) ሳይቶሲንና ጓኒን የተባሉት የዲኤንኤ ፊደላት ጎን ለጎን የሚደጋገሙበት በመሆኑ፣ ጂኑን የዘጋው ሜቲሌሽን፣ ማለትም ሜቲል የተባለ ትንሽ የኬሚካል ቡድን ሳይቶሲኑ ላይ መለጠፉ፣ ነው የሚል ግምት አለን። ግምታችንን ለመፈተን ሜቲሌሽኑን በኬሚካል ቀንሰን ጂኑ ተመልሶ መሥራት ይጀምር እንደሆነ ለማየት አስበናል።

ጥያቄዬ የትኛውን ኬሚካል እንግዛ የሚል ነው። አማካሪዬ አርጂ108ን ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም ኬሚካሉ ዲኤንኤ ውስጥ ሳይገባ ሜቲል የሚለጥፈውን ኢንዛይም በቀጥታ ስለሚያግድ ህዋሳቱን አይመርዝም የሚል ነው። እኔ ያነበብኳቸው ጽሑፎች ግን አብዛኞቹ ዴሲታቢን ወይም አዛሳይቲዲን የተባሉትን ተዛማጅ የካንሰር መድኃኒቶች የተጠቀሙ ናቸው። በጀታችን የሚፈቅደው አንድ ግዢ ብቻ ነው፤ ዕቃው ከውጭ መጥቶ ከጉምሩክ እስኪወጣ የሚፈጀውን ጊዜ ስለምታውቁት፣ ያልሆነ ነገር ማዘዝ ሴሚስተሩን እንደሚበላብን ይገባችኋል።

ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎችም አሉኝ። አንደኛ፣ ዴሲታቢን በውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል ሲባል ሰምቻለሁ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ይህ ምን ያህል ያሰጋል? ሁለተኛ፣ ህዋሳቱን ለ24 ሰዓት ብቻ ከኬሚካሉ ጋር አቆይቶ ውጤቱን ማየት ይበቃል ወይስ ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል?

የድሮ ላቦራንት

ለባለ ፍላስኳ፦ አንድ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ዴሲታቢንን ይግዙ። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ፤ አማካሪዎን ማሳመን የሚችሉት አሠራሩን ሲያስረዷቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ቤተሰብ ታላቅ የሆነው አዛሳይቲዲን በ1964 በፕራግ፣ በቼኮስሎቫኪያ የሳይንስ አካዳሚ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው ለካንሰር ህዋስ መግደያነት ብቻ ነበር። ከሜቲሌሽን ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው ዘግይቶ ነው። ፒተር ጆንስና ባልደረቦቹ የአይጥ ፅንስ ህዋሳትን በዚህ ኬሚካል ካቆዩ በኋላ የሚኮማተሩ የጡንቻ ህዋሳት በሳህኑ ላይ ሲበቅሉ ያዩት በ1977 ነበር፤ ያው ጆንስ ከሸርሊ ቴይለር ጋር በመሆን ለውጡ ከዲኤንኤ ሜቲሌሽን መቀነስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያሳየው ደግሞ በ1980 ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች በአሜሪካ ለማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድሮም (የደም ህዋሳት አመራረት የሚታወክበት የመቅኒ በሽታ) ሕክምና የተፈቀዱት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ አዛሳይቲዲን በ2004፣ ዴሲታቢን በ2006 ነበር።

ወደ አሠራሩ ልግባ። ሜቲል የሚያስረው ኢንዛይም ሳይቶሲን ላይ ሲደርስ፣ ሲስቴይን በተባለው የራሱ አሚኖ አሲድ አማካይነት የሳይቶሲኑን ስድስተኛ ካርቦን ይይዛል፤ ከዚያም አምስተኛው ካርቦን ላይ ሜቲሉን ይለጥፍና፣ ከዚሁ ካርቦን ላይ አንድ ሃይድሮጅን ሲወገድ ራሱን አላቅቆ ይሄዳል። በዴሲታቢን ቀለበት ላይ በአምስተኛው ቦታ ያለው ናይትሮጅን እንጂ ካርቦን አይደለም። ስለዚህ ኢንዛይሙ ይይዘዋል፣ ነገር ግን መላቀቅ አይችልም፤ ወጥመድ ውስጥ እንደገባች አይጥ ዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ህዋሱም የተጣበቀውን ኢንዛይም ፕሮቲን በሚያፈርሰው መሣሪያው፣ በፕሮቲአዞም በኩል ያፈርሰዋል። በዚህ መንገድ ዲኤንኤምቲ1 የተባለው የዚሁ ኢንዛይም ዋና ዓይነት በህዋሱ ውስጥ ያለው ክምችት ይሟጠጣል። ከዚያ በኋላ ዲኤንኤ በተባዛ ቁጥር አዲሱ ሰንሰለት ሜቲል ሳይለጠፍበት ይቀራል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ኬሚካሉ የሚሠራው ዲኤንኤ ውስጥ ከገባ ብቻ መሆኑ ነው፤ ዲኤንኤ ውስጥ የሚገባውም ህዋሱ ዲኤንኤውን በሚያባዛበት ወቅት ነው። ሳህኑን ሞልተው መከፋፈል ያቆሙ ህዋሳት ላይ ቢያፈሱት የሚያገኙት ውጤት እጅግ አነስተኛ ይሆናል። ስለዚህ ህዋሳቱን ሲዘሩ ሙከራው እስኪያልቅ ድረስ የሚከፋፈሉበት ሰፊ ቦታ እንዲኖራቸው አድርገው ይዝሩ፤ ሙከራውን ሲጀምሩ የሳህኑን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ቢሸፍኑ አይከፋም።

ሁለተኛው የ24 ሰዓቱን ጥያቄዎን ይመልሳል። ኢንዛይሙ በአንድ ቀን ውስጥ ሊሟጠጥ ይችላል፤ ቀድሞ የነበረው ሜቲል ግን አሮጌው ሰንሰለት ላይ እንዳለ ነው። ከመጀመሪያው መባዛት በኋላ እያንዳንዱ የዲኤንኤ ጥንድ አንድ ሜቲል ያለበትና አንድ ሜቲል የሌለበት ሰንሰለት ይኖረዋል፤ በሁለቱም በኩል ባዶ የሆነ ጥንድ መታየት የሚጀምረው ከሁለተኛው መባዛት በኋላ ነው። ኤምዲኤ-ኤምቢ-231 ለመከፋፈል ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጅ ዝርያ ስለሆነ፣ ጂኑ ተከፈተ ወይም አልተከፈተም ለማለት ቢያንስ 72 ሰዓት፣ ቢቻል 96 ሰዓት መጠበቅ አለብዎ። በ24 ሰዓት ተለክቶ «ምንም ለውጥ የለም» የሚል ውጤት ስለ ጂኑ የሚናገረው ነገር የለም።

መጠኑን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው «ብዙ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል» ብሎ ከ10 ማይክሮሞላር ይጀምራል። ይህ ጉዳት ያመጣል እንጂ ሜቲሌሽኑን የበለጠ አይቀንስም፤ የተጣበቁት ኢንዛይሞች ሲበዙ የዲኤንኤውን መባዛት ያደናቅፋሉ፣ መከፋፈል ያቆመ ህዋስ ደግሞ ሜቲሌሽኑ አይቀንስም። ከ100 ናኖሞላር እስከ 1 ማይክሮሞላር ባለው ክልል ውስጥ ሦስት ወይም አራት መጠኖችን ይፈትኑና፣ ሕዋሳቱ መከፋፈላቸውን ሳያቆሙ ዲኤንኤምቲ1 የሚጠፋበትን ዝቅተኛ መጠን ይምረጡ።

አዛሳይቲዲንን ለምን አልመከርኩም ለሚል፦ እሱ የአርኤንኤ ስኳር የሆነው ራይቦዝ ያለው በመሆኑ አብዛኛው ክፍል የሚገባው አርኤንኤ ውስጥ ነው፤ ዲኤንኤ ጋር የሚደርሰው ራይቦኑክሊዮታይድ ሪዳክቴዝ የተባለው ኢንዛይም የለወጠው ጥቂቱ ብቻ ነው። ለእርስዎ ጥያቄ ዴሲታቢን ይበልጥ ቀጥተኛ ነው።

ጎን ለጎን

የድሮ ላቦራንት በጻፉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የአማካሪዋ ሥጋት እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ዴሲታቢን ንጹህ የሜቲሌሽን አጋጅ አይደለም። ዲኤንኤ ላይ የተጣበቀው ኢንዛይም ራሱ ጉዳት በመሆኑ ህዋሱ የጥገና ምላሽ ያስነሳል፤ በዚህ ምላሽ ብቻ የሚነቁ ጂኖች ብዙ ናቸው። ሌላም አለ። በ2015 የወጡ ሁለት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሜቲሌሽን ሲቀንስ በጂኖማችን ውስጥ ተኝተው የኖሩ ጥንታዊ የሬትሮቫይረስ ቅሪቶች ይነቃሉ፤ ከእነርሱ የሚወጣውን ጥንድ ሰንሰለት አርኤንኤ ህዋሱ እንደ ቫይረስ ወረራ ቆጥሮ የኢንተርፌሮን ምላሽ የሚባለውን የፀረ-ቫይረስ መከላከያ ይጀምራል። የጠያቂዋ ጂን ለኢንተርፌሮን የሚታዘዝ ዓይነት ከሆነ፣ የራሱ ፕሮሞተር ምንም ሳይነካ ጂኑ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ደግሞ ከቀናት በኋላ የሚመጣ በመሆኑ፣ በ96 ሰዓት የሚነበበው ውጤት ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል።

ስለዚህ ገንዘብ ካለ ሦስተኛ አማራጭ እንዳለ ልጠቁም። ጂኤስኬ3685032 የተባለው፣ በ2021 ይፋ የሆነው ኬሚካል ዲኤንኤ ውስጥ ሳይካተት ዲኤንኤምቲ1ን ለይቶ የሚያግድና እገዳውም ሊቀለበስ የሚችል ነው። ከዴሲታቢን ጋር ሲነጻጸር በህዋሳት ላይ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ሜቲሌሽንን በሰፊው ይቀንሳል። አማካሪዋ ከአርጂ108 የጠበቁት ጠባይ በእውነት ያለው በዚህኛው ላይ ነው።

ባለ ፍላስኳ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ኬሚካል ላይ ዋጋ ጠይቀን ነበር፤ ለጊዜው ከአቅማችን በላይ ነው። ይሁንና አማካሪዬ «አርጂ108 የማይከፋፈሉ ህዋሳት ላይም ይሠራል፣ ስለዚህ የተሻለ ነው» የሚል አንድ ክርክር አንስተውብኛል። ለዚህ ምን ትላላችሁ? በሌላ በኩል ጂኑ ከተከፈተ በኋላ የተከፈተው በሜቲሌሽን መቀነስ መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

የድሮ ላቦራንት

የአርጂ108ን ጉዳይ በቀጥታ ላንሳ። ኬሚካሉ በጀርመን፣ በሃይድልበርግ የካንሰር ምርምር ማዕከል በፍራንክ ሊኮ ቡድን በ2005 የቀረበ ሲሆን፣ የተገኘውም በኮምፒዩተር ላይ የኢንዛይሙን ቅርጽ ሞዴል ሠርቶ የሚገጥመውን ሞለኪውል በመፈለግ ነው። ሐሳቡ ያማረ ነበር። በሻጮች መግለጫ ላይ በጉልህ የሚታየው 115 ናኖሞላር የሚለው ቁጥር ግን የተለካው ኤም.ኤስኤስኤስአይ በተባለ የባክቴሪያ ኢንዛይም ላይ፣ በሙከራ ቱቦ ውስጥ እንጂ በሰው ህዋስ ላይ አይደለም። በህዋሳት ላይ የሚጠቀሙት ተመራማሪዎች ከ10 እስከ 100 ማይክሮሞላር ድረስ ይሄዳሉ፣ ያም ሆኖ የሚያገኙት የሜቲሌሽን ቅነሳ ከዴሲታቢን ጋር የሚወዳደር አይደለም። በ2008 አርጂ108 ቢክስ-01294 ከተባለ ሌላ ኬሚካል ጋር ተዳምሮ የአይጥ ህዋሳትን ወደ ግንድ ህዋስነት ለመመለስ እንዳገዘ የሚያሳይ ሥራ አለ፤ ያ ግን ሌሎች ኃይለኛ ነገሮች በተጨመሩበት ሁኔታ ነው።

ስለማይከፋፈሉ ህዋሳት የተነሳው ክርክር ደግሞ አንድ ነገር ዘንግቷል። አጋጁ የሚከለክለው አዲስ ሜቲል እንዳይለጠፍ ነው፤ የተለጠፈውን አያነሳም። በማይከፋፈል ህዋስ ውስጥ አሮጌውን ሜቲል የሚያነሱት ቴት የሚባሉት ኢንዛይሞች ናቸው፤ እነርሱ በዚያ ቦታ ካልሠሩ አጋጁ የቱንም ያህል ፍጹም ቢሆን ሜቲሉ ባለበት ይቀመጣል። በማይከፋፈል ህዋስ ላይ አርጂ108 ተጨምሮ ጂኑ ቢከፈት፣ እኔ በግሌ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሌላ ምክንያት እንዳለ ነው። ለማንኛውም የእርስዎ ህዋሳት በፍጥነት የሚከፋፈሉ የካንሰር ህዋሳት ስለሆኑ ይህ ጥያቄ ጥናትዎን አይነካም።

ሚዲያ ለዋጭ

የማረጋገጫውን ጥያቄና የመብራቱን ጉዳይ እኔ ልውሰድ፤ ሁለቱም የዕለት ሥራዬ ናቸው።

ከአንድ ሳህን የሚገኙትን ህዋሳት ሲሰበስቡ በሦስት ቱቦ ይክፈሏቸው፤ አንዱ ለፕሮቲን፣ አንዱ ለዲኤንኤ፣ አንዱ ለአርኤንኤ። ሦስቱ ከተለያየ ሳህን ከመጡ አንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማያያዝ ያስቸግራል። በፕሮቲኑ በዌስተርን ብሎት (አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚያሳየው ዘዴ) ዲኤንኤምቲ1 መጥፋቱን ያያሉ፤ ፕሮቲኑ 183 ኪሎዳልተን ያህል ስለሚመዝን ጄሉን ሳሳ አድርገው፣ ወደ ሜምብሬኑ የሚተላለፍበትን ጊዜም ረዘም አድርገው ይሥሩ። ይህ ማረጋገጫ ርካሽ ነው፣ በ24 ሰዓትም ይታያል። ዲኤንኤምቲ1 ካልቀነሰ ኬሚካሉ ተበላሽቷል ወይም ህዋሳቱ አልተከፋፈሉም ማለት ነውና፣ ወደ ሌላው ሥራ መግባት ብር ማባከን ነው።

በዲኤንኤው ላይ የባይሰልፋይት ለውጥ ይሠራሉ። ባይሰልፋይት ሜቲል የሌለውን ሳይቶሲን ወደ ዩራሲል ይቀይራል፣ ሜቲል ያለውን አይነካም፤ ዲኤንኤውን በፒሲአር ካባዙ በኋላ የመጀመሪያው ቲ ሆኖ፣ ሁለተኛው ሲ ሆኖ ይነበባል። መታየት ያለበት የራስዎ ጂን ፕሮሞተር ነው። የጠቅላላው ጂኖም ሜቲሌሽን መቀነሱ፣ ለምሳሌ በጂኖሙ ውስጥ በብዛት በሚደጋገመው በላይን-1 ላይ የሚለካው፣ ኬሚካሉ መሥራቱን ይመሰክራል እንጂ የእርስዎ ጂን ለምን እንደተከፈተ አይናገርም። ጎን ለጎን የተባሉት ባልደረባ የጠቀሱትን የኢንተርፌሮን ጥርጣሬ ለማጥራት ደግሞ በዚያው የአርኤንኤ ናሙና ላይ አንድ ሁለት የታወቁ የኢንተርፌሮን ታዛዥ ጂኖችን፣ ለምሳሌ አይኤፍአይ27ንና አይኤስጂ15ን፣ ይለኩ። ከዚያም ያለ ዴሲታቢን ህዋሳቱን በኢንተርፌሮን ብቻ አቆይተው ጂንዎ ይነሳ እንደሆነ ቢያዩ ጥያቄው ይዘጋል፤ ኢንተርፌሮን ማግኘት ካልቻሉ ቢያንስ የፕሮሞተሩ ሜቲሌሽንና የጂኑ መነሳት በየመጠኑ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ያሳዩ።

ማነጻጸሪያ ጂንም ይያዙ። በኤምዲኤ-ኤምቢ-231 ውስጥ የኤስትሮጅን ተቀባይ አልፋ ጂን በሜቲሌሽን መዘጋቱና በዴሲታቢን በከፊል መከፈቱ ቀድሞ የተመዘገበ ስለሆነ በደንብ ያገለግልዎታል። መከፈቱ ግን መጠነኛ ነው፤ ብዙ ካልጠበቁ አያሳዝንዎትም። የዚህ ዝርያ ፒ53፣ ጉዳት ያለበትን ህዋስ የሚገታው ጂን፣ ሚውቴሽን ያለበት መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ፒ53 ጤናማ በሆነባቸው ህዋሳት ላይ የተነበበውን የመርዛማነት መጠን ወደ እርስዎ ሳህን በቀጥታ አያምጡት።

አሁን ወደ ኬሚካሉ አያያዝ። የዴሲታቢን የሞለኪውል ክብደት 228.2 ስለሆነ፣ 5 ሚሊግራሙን በ2.19 ሚሊሊትር ንጹህና ደረቅ ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) ቢያሟሙት 10 ሚሊሞላር ያገኛሉ። ቱቦ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍቶ እንዲጣል፣ ወዲያውኑ በ20 ማይክሮሊትር ከፋፍለው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስቀምጡ። በሥራው ቀን 10 ማይክሮሊትር ከቱቦው ወስደው በ190 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ ካቀጠኑት 500 ማይክሮሞላር ይሆናል፤ ከዚህ 10 ማይክሮሊትር ወደ 10 ሚሊሊትር ሚዲያ (ህዋሳቱ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ሲገባ 500 ናኖሞላር ይሆናል፣ ዲኤምኤስኦውም ከ0.1 በመቶ አያልፍም። ለማነጻጸሪያው ሳህን ይህንኑ ያህል ባዶ ዲኤምኤስኦ መጨመርዎን አይርሱ።

ሚዲያውን በየ24 ሰዓቱ፣ አዲስ ኬሚካል ጨምረው ይለውጡ። በ37 ዲግሪ የአንድ ቀን ሚዲያ ውስጥ የሚቀረው ዴሲታቢን ጥቂት ነው፤ ቀለበቱ በውሃ ይከፈታል፣ በተጨማሪም ህዋሳቱ ራሳቸው ሳይቲዲን ዲአሚኔዝ በተባለ ኢንዛይም ይለውጡታል። የተቀላቀለውን ሚዲያ ለነገ ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት በብዙ ላቦራቶሪ የሚታይ ልማድ ነው፤ እባክዎ አይከተሉት።

መብራቱን በተመለከተ፣ ዲኤምኤስኦ የሚቀልጠው 18 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ በሩ ሳይከፈት ለጥቂት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ቱቦዎቹ እንደረጉ ይቆያሉ። የሚያሰጋው ቀልጦ መርጋቱ ሲደጋገምና ዲኤምኤስኦው ከአየር ላይ እርጥበት ሲስብ ነው፤ የሚያበላሸው ውሃው ነውና። ስለዚህ ቱቦዎቹን ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም ሣጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡ። በፍሪዘሩ ውስጥ ውሃ የረጋበት ብልቃጥ አስቀምጠው በበረዶው ላይ ሳንቲም ቢጥሉ፣ ቅዳሜና እሁድ እርስዎ በሌሉበት ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደሆነ ሰኞ ጠዋት ሳንቲሙ ወደ ታች መስመጡ ይነግርዎታል። የሰመጠ ከሆነ ቱቦዎቹን ከመጣልዎ በፊት በአንዱ የዲኤንኤምቲ1 ብሎት ይሥሩ።

ሲያዙም አቅራቢው ዱቄቱን በብልቃጥ እንጂ ቀድሞ በተሟሟ መልክ እንዳይልክ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በደረቅ በረዶ የታሸገ ፈሳሽ ጉምሩክ ውስጥ ቀናት ሲቆጥር በረዶው አልቆ ይጠብቅዎታል፣ ደረቅ ዱቄት ግን ይህን ያህል አይጎዳም።

ጎን ለጎን

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዴሲታቢን የሚመርዝ፣ ፅንስንም የሚጎዳ ኬሚካል ሲሆን ዲኤምኤስኦ ደግሞ በቆዳ ውስጥ ይዞ የማለፍ ጠባይ አለው፤ ስለዚህ የናይትራይል ጓንት ደርበው ይልበሱ፣ ዱቄቱን በሚያሟሙበት ጊዜ ኬሚካል መሥሪያ ሁድ ውስጥ ይሥሩ፣ የተነሳውንም ሚዲያ ወደ መታጠቢያ ገንዳ ሳይደፉ ለካንሰር መድኃኒት ቆሻሻ በተለየ ዕቃ ያጠራቅሙ። እርጉዝ የሆነች የላቦራቶሪ ባልደረባ ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይያዝላት።

ባለ ፍላስኳ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት ከአማካሪዬ ጋር ተነጋግረን የዴሲታቢን 5 ሚሊግራም ዱቄት እንዲታዘዝ ተስማምተናል፤ የመጀመሪያው ሙከራ 100፣ 250፣ 500 ናኖሞላርና 1 ማይክሮሞላር በ96 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ላይ የዲኤንኤምቲ1 ብሎት ተጨምሮበት ይሆናል። የባይሰልፋይቱን ፕራይመር ከማዘዛችን በፊት የፕሮሞተሩን ቅደም ተከተል እዚህ ለጥፌ አስተያየት እጠይቃችኋለሁ።